የድሬ ሙቀትና የግል በራሪ

በሰኔ 2007 ዓ.ም. አስመላሽ ዘፈሩ የተባለ ሰው በገዛ እጁ የሠራትን ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ሊያስነሣ ሞክሮ ነበር። ሞተሯ ከአሮጌ ቮልስዋገን የተፈታ ነው፤ የዚያን ቀን አልተነሣችም። ዛሬ ገንዘብ ያለው ሰው መሥራት አይጠበቅበትም፣ ይገዛል። በስዊድን የተጀመረው ጄትሰን ዋን የሚባለው በራሪ በስምንት የኤሌክትሪክ ሞተሮች አንድ ሰው አንሥቶ 20 ደቂቃ ያህል አየር ላይ ይቆያል። ተሳፋሪው ከ95 ኪሎ መብለጥ የለበትም።

ታዲያ እንዲህ ያለው ዕቃ በድሬዳዋ ከመጋላ ሰፈር ተነሥቶ የደቻቱን ወንዝ በአየር ተሻግሮ ከዚራ ሰፈር ቢያወርደን፣ ከባጃጁ ግርግር ያድነን ይሆን?

መጀመሪያ አየሩን እንይ። ክንፍ የሌለው በራሪ የሚነሣው አየርን ወደ ታች በመግፋት ነው፤ አየሩ ከሳሳ ብዙ መግፋት አለበት። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሙቀት ደግሞ አየርን ይብስ ያሳሳል። በባሕር ጠረፍ፣ በ15 ዲግሪ፣ አንድ ሜትር ኪዩብ አየር 1.2 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በድሬ ቀትር፣ 35 ዲግሪ ላይ፣ ወደ 1 ኪሎ ይወርዳል። ለበራሪው ይህ በጣም ቀዝቃዛ በሆነ ቀን 2,100 ሜትር ላይ እንደ መብረር ነው፤ ቆላ የምንላት ከተማ ከሰዓት በኋላ ወይና ደጋ ትሆንበታለች። ባለበት ለመንሳፈፍ ብቻ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ 11 በመቶ ያህል ተጨማሪ ኃይል ይጠይቀዋል። ያ ኃይል የሚመጣው ደግሞ ከባትሪ ነው፤ አንድ ኪሎ ባትሪ ከአንድ ኪሎ ቤንዚን ኃይል ሃምሳኛውን ያህል ብቻ ይይዛል።

በቻይና ኢሃንግ የተባለው ኩባንያ አብራሪ አልባ የአየር ታክሲ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የብቃት ማረጋገጫ አግኝቷል፤ በአንድ ሙሌት የሚሄደው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐረር በቀጥታ መስመር እንኳ ከ40 በላይ ትርቃለች፣ ያውም ሽቅብ። ወደ ሐረር የሚወጣው የደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ የሰለቸው ሰው ለጊዜው ይታገሥ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መውደቁ ነው። ሄሊኮፕተር ሞተሩ ቢጠፋ ከታች የሚመጣው ነፋስ ምላጩን ያሽከረክረዋል፤ የሠለጠነ አብራሪም በዚያ ያሳርፈዋል። የእነዚህ በራሪዎች አጫጭር ምላጮች ግን እንዲህ አያደርጉም። ስምንት ሞተር የተገጠመው አንዱ ቢሞት የቀሩት እንዲሸከሙ ነው። ባትሪው ወይም ኮምፒውተሩ ከከዳ ግን ተስፋው ፓራሹት ብቻ ነው፣ ፓራሹት ደግሞ ለመዘርጋት ከፍታ ይፈልጋል። ሰው ዝቅ ብሎ ቢበር ደኅና የሚሆን ይመስለዋል። ከጣሪያ በላይ 15 ሜትር ላይ ያለ ሰው ግን ለፓራሹቱ ጊዜ የለውም፣ ለመትረፍም ከፍታው በዝቷል።

መጋላ ደግሞ ቤቱ ከቤት የተያያዘ፣ መንገዱ ጠባብ፣ ሽቦው የተወሳሰበ፣ ቀፊራ ገበያው ሰው የሞላበት ነው። አሜሪካ ከ115 ኪሎ የማይበልጥን በራሪ ያለ አብራሪነት ፈቃድ ብታስበርርም፣ ሰው በተጨናነቀበት ሰፈር ላይና በሌሊት መብረርን ከልክላለች። ሕጉ መጋላን አይቶ የተጻፈ ይመስላል።

ለአደጋ ጊዜስ? በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የፈጀው በሌሊት ነበር። ጨለማ፣ ነፋስና ዶፍ ዝናብ እንዲህ ያለ ቀላል በራሪ የማይነሣባቸው ሰዓቶች ናቸው።

እኔ ለድሬ ሰማይ ገንዘብ መድብ ብባል ሰው አላሳፍርበትም። ሩዋንዳ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደም በድሮን ለሐኪም ቤቶች ታደርሳለች፤ ድሮኖቹ ክንፍ ስላላቸው ባትሪያቸው ሩቅ ይወስዳቸዋል። በከተማዋ ዙሪያ ላሉት የገጠር ቀበሌዎች የሚያስፈልገው እሱ ነው።