አንተ ልበል ወይስ አንቺ?
ዳግመኛ ስለሚወለዱ ፍቅረኞች የሚተርከው የጃፓን የሥዕል ታሪክ

በዛሬው ጊዜ በተማሪዎች እጅ ከሚገኙት ንባቦች አንዱ ማንጋ የሚባለው የጃፓን የሥዕል ታሪክ ነው። ወላጆችና መምህራን ገጹን ገለጥ አድርገው ባዩት ጊዜ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁናል፤ እኛም ብዙውን ጊዜ «ቀልድ ነው» ብለን እናልፈዋለን። መልሱ ውሸት ባይሆንም ሙሉ አይደለም። ስለዚህ ከማንጋ ወገኖች መካከል አንዱን፣ ይልቁንም ለማስረዳት የሚያስቸግረውን፣ በተቻለኝ መጠን ለመግለጽ አስቤአለሁ። ይኸውም በቀድሞ ሕይወታቸው ይፋቀሩ የነበሩ ወንድና ሴት ሞተው እንደ ገና ሲወለዱ፣ ወንዱ ሴት፣ ሴቲቱም ወንድ ሆነው የሚገናኙበት የፍቅር ቀልድ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ማንጋ አብዛኛውን ጊዜ በጥቁርና በነጭ ይሣላል። በመጀመሪያ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ በሚወጣ ወፍራም መጽሔት ላይ ምዕራፍ በምዕራፍ ይታተማል፤ አንባቢ ሲወደው ምዕራፎቹ ተሰብስበው በመጽሐፍ መልክ ይወጣሉ። የሚነበበውም ከቀኝ ወደ ግራ ስለ ሆነ መጽሐፉ የሚጀምረው እኛ መጨረሻ ከምንለው ገጽ ነው። መጽሔቶቹ ለወንዶች ልጆች፣ ለሴቶች ልጆችና ለጎልማሶች እየተባሉ የተለዩ ናቸው።

ዳግመኛ የመወለድ ሐሳብ ወደ ጃፓን የገባው በ6ኛው መቶ ዓመት ከቡድሃ ሃይማኖት ጋር ነው። በዚያ ትምህርት መሠረት ሕያው ፍጥረት ሁሉ እንደ ሥራው እየሞተና እየተወለደ ይኖራል። ጃፓኖች «የወላጅና የልጅ ዝምድና ለአንድ ዕድሜ፣ የባልና የሚስት ለሁለት፣ የጌታና የሎሌ ለሦስት ዕድሜ ነው» የሚል የቆየ አባባል አላቸው። እንግዲህ በዚህ አባባል ባልና ሚስት ከሞት በኋላ አንድ ጊዜ ደግሞ የመገናኘት ተስፋ አላቸው ማለት ነው።

እኛ ክርስቲያኖችም ሆንን ሙስሊሞች ትንሣኤን እንጂ በሌላ ሥጋ ዳግመኛ መወለድን አንቀበልም። ስለሆነም ይህንን ሐሳብ የማቀርበው እንደ እምነት ሳይሆን ደራሲ እንደሚጠቀምበት መሣሪያ ነው። በአያቶቻችን ተረት አንበሳና ጦጣ ሲከራከሩ ስንሰማ «አንበሳ ይናገራል» ብለን አናምንም፤ ተረቱ ግን ስለ ሰው ጠባይ እውነቱን ይነግረናል። ይህም እንደዚሁ ነው። መሣሪያው የሚያነሣው ጥያቄ የሚከተለው ነው፤ የአንድ ሰው መልኩ፣ ድምፁ፣ ስሙ፣ በመጨረሻም ጾታው ከተለወጠ፣ «ያው እርሱ ነው» የሚያሰኘው ምን ይቀራል?

ጥያቄው የትናንት አይደለም። ዛሬ ቶኪዮ በምትባለው በኤዶ ከተማ፣ ጹሩያ ናንቦኩ አራተኛ የተባለ ደራሲ በ1817 «ሳኩራሂሜ አዙማ ቡንሾ» የተባለ የካቡኪ ቴአትር አቅርቦ ነበር። በቴአትሩ ውስጥ ሰይገን የተባለ መነኩሴና ሺራጊኩማሩ የተባለ ደቀ መዝሙሩ አብረው ሊሞቱ ተማምለው ወደ ባሕር ገደል ይሄዳሉ። ደቀ መዝሙሩ ሲወረወር መነኩሴው ልቡ ከድቶት ይቀራል። ከ17 ዓመት በኋላ ያ ደቀ መዝሙር ሳኩራ የተባለች ልዕልት ሆኖ ተወልዶ ይገኛል። ልዕልቲቱ ከተወለደች ጀምሮ ግራ እጇ እንደ ተጨበጠ ነበር፤ ሰይገን በጸለየላት ጊዜ ግን እጇ ተከፍቶ የሰይገን ስም የተጻፈበት የዕጣን ሣጥን ግማሽ ይወድቃል። በዚህ ጊዜ መነኩሴው ማን እንደ ሆነች ያውቃል። እርሷ ግን ስለ እርሱ የምታስታውሰው የለም፤ ልቧም ከሌላ ሰው ጋር ነው። ሰይገን የድሮውን መሐላ እንደ ዕዳ ቆጥሮ ሲያሳድዳት ክብሩንም ሕይወቱንም ያጣል።

ይህንን ታሪክ የተመለከቱት የኤዶ ሰዎች በአንድ ነገር አልተደነቁም፤ እርሱም ልዕልቲቱን የሚጫወተው ወንድ መሆኑ ነው። ካቡኪን በ1603 በኪዮቶ የጀመረችው ኦኩኒ የተባለች ሴት ስትሆን፣ መንግሥት በ1629 ሴቶች በመድረክ እንዳይጫወቱ ስለ ከለከለ የሴትን ቦታ ወንዶች ያዙት። እነዚህም ተዋንያን የሴትን አረማመድ፣ የእጅ አያያዝና የድምፅ አወጣጥ እንደ ሙያ ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ነበር። ኋላም በ1914 ታካራዙካ በተባለች ከተማ የዚህ ተቃራኒ ተጀመረ፤ በዚያ የሚጫወቱት ሴቶች ብቻ ሲሆኑ የወንዱንም ቦታ የሚይዙት እነርሱው ናቸው። እንግዲህ የጃፓን ተመልካች ወንድነትም ሴትነትም ከፊሉ የሚለመድና የሚጠና ነገር መሆኑን በመድረክ ላይ ሲያይ የኖረ ሰው ነው።

ይህ ልምድ ከመድረክ ወደ ወረቀት የተሻገረው በኦሳሙ ቴዙካ እጅ ነው። ቴዙካ ያደገው በዚያችው በታካራዙካ ከተማ ነበር። በ1953 «ሪቦን ኖ ኪሺ» የተባለውን ታሪክ ጀመረ፤ በዚህም ታሪክ አንዲት ልዕልት በአንድ መልአክ ቀልደኝነት የወንድም የሴትም ልብ ተሰጥቷት ትወለዳለች፤ ዙፋኑንም ለመውረስ በወንድ ልብስ ትኖራለች። በ1987 ደግሞ ሩሚኮ ታካሃሺ የተባለች ሠዓሊ «ራንማ ½» የተባለውን 38 ቅጽ የሞላ ቀልድ ጀመረች። ራንማ በተረገመ ምንጭ ውስጥ የወደቀ ጎረምሳ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ልጃገረድ ይሆናል፤ ሙቅ ውሃ ሲነካው ወደ ወንድነቱ ይመለሳል። ኩኖ የተባለ ተማሪ ራንማን በወንድነቱ ይጠላዋል፤ በሴትነቱ ጊዜ ግን ይወዳታል፤ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን አያውቅም። እኛ አንባቢዎች እንስቃለን፤ ነገር ግን ኩኖ የሚወደው ማንን ነው ብለን ብንጠይቅ ነገሩ ከቀልድ ይጠልቃል።

ዳግመኛ መወለድንና የጾታን መለወጥ አንድ ላይ ካቀረቡት መካከል የታወቀው የሳኪ ሂዋታሪ «ቦኩ ኖ ቺኪዩ ኦ ማሞቴ» ነው፤ ትርጓሜውም «ምድሬን ጠብቁልኝ» እንደ ማለት ነው። በ1994 ሲፈጸም 21 ቅጽ ሆኗል። በታሪኩ ውስጥ የጃፓን ተማሪዎች በየሌሊቱ አንድ ዓይነት ሕልም ያያሉ፤ በሕልማቸውም ከሌላ ዓለም መጥተው ከጨረቃ ላይ ምድርን ይመለከቱ የነበሩ ሰባት ሊቃውንት ናቸው። ከእነርሱ አንዷ ኤንጁ የተባለች ሴት ነበረች፤ ዛሬ ግን ኢሴይ የተባለ ወንድ ልጅ ሆናለች። ኤንጁ ጊዮኩራን የተባለውን ባልደረባዋን ትወደው ነበር፤ እርሱም ዛሬ የኢሴይ የቅርብ ጓደኛ ነው። ኢሴይ የሚሰማው ናፍቆት የራሱ ይሁን ወይም የሟቿ ሴት ቅሬታ ለይቶ ማወቅ ይቸግረዋል። አንዳንድ አንባቢዎች የቀድሞ ሕይወት ጓደኞቻቸውን እንደሚፈልጉ ጽፈው ስለ ላኩ፣ ደራሲዋ በአንዱ ቅጽ ላይ ታሪኩ ፈጽሞ ልብ ወለድ መሆኑን ማሳሰብ ግድ ሆኖባታል። ስለ ማንጋ የሚሠጉ ወላጆች ይህንን ማሳሰቢያ ሳይወዱት አይቀሩም።

የሂዋታሪ ሥራ በአብዛኛው የሚያሳዝን ነው። ይኸው ነገር ወደ ቀልድ ሲለወጥ እንዴት እንደሚሠራ ለማስረዳት ግን ከራሴ አንድ ምሳሌ ላቅርብ። በቀድሞ ሕይወቱ የጦር አለቃ የነበረ ባልና ጭምት ሚስቱ ዳግመኛ ተወልደው በአንድ ክፍል ይማራሉ እንበል። የጦር አለቃው ቀጭን ልጃገረድ ሆኗል፤ ሚስቱም ቁመተ ረጅም ጎረምሳ ሆናለች። ውሻ በጮኸ ቁጥር ልጃገረዲቱ ደረቷን ነፍታ ከፊት ትቆማለች፤ ጎረምሳውም ከኋላዋ ተሸሽጎ የወደቀውን ደብተር እየለቀመ ያስተካክላል። የመጀመሪያው ሣቅ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ሥጋው ተለወጠ፤ ልማዱ ግን አልተለወጠም።

ሁለተኛው ሣቅ ከአነጋገር የሚመጣ ነው። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይባል የለ? በጃፓንኛ ግሥ ለወንድና ለሴት አይለይም፤ ነገር ግን ሰው ራሱን «እኔ» ብሎ ሲጠራ የሚመርጠው ቃል ብዙ ነው። ጎረምሳ «ኦሬ» ወይም «ቦኩ» ይላል፤ ልጃገረድ «ዋታሺ» ወይም «አታሺ» ትላለች። በ2016 በወጣው «ኪሚ ኖ ና ዋ» በተባለው የማኮቶ ሺንካይ ፊልም፣ በወንድ ሥጋ ውስጥ የነቃችው ልጅ በጓደኞቹ ፊት ራሷን «ዋታሺ» ብላ ትጠራና ፊታቸው ሲለወጥ ቃሉን እየቀያየረች ትሞክራለች፤ የሚያረካቸው «ኦሬ» ስትል ብቻ ነው። እንግዲህ በጃፓንኛ ዳግመኛ የተወለደውን ሰው የሚያጋልጠው የራሱ አፍ ነው።

በአማርኛ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የእኛ «እኔ» ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፤ የሚለየው «አንተ» እና «አንቺ»፣ «መጣህ» እና «መጣሽ»፣ «ና» እና «ነይ» ነው። ስለዚህ ታሪኩ በአማርኛ ቢጻፍ የሚቸገረው ተናጋሪው ስለ ራሱ ሲያወራ ሳይሆን ሌላው ሰው እርሱን ሲጠራው ነው። ጎረምሳው ያችን ቀጭን ልጃገረድ «አንቺ» ቢላት ዛሬን ያያል፤ «አንተ» ቢላት ያለፈውን ያስታውሳል፤ አፉን በከፈተ ቁጥር ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለበት። እኔም ከላይ ያለውን ምሳሌ ስጽፍ «ሆኗል» ልበል ወይስ «ሆናለች» እያልኩ በየዓረፍተ ነገሩ ቆሜአለሁ።

አንድ መሸሸጊያ አለ፤ እርሱም «አንቱ» ነው፤ «አንቱ» ጾታ የለውምና። ነገር ግን እርሱም የራሱን ጣጣ ያመጣል። በቀድሞው ዘመን በአገራችን ሚስት ባሏን «አንቱ» ስትል ባል ሚስቱን «አንቺ» ይል ነበር። በጃፓንም ልማዱ ተመሳሳይ ነው፤ ሚስት ባሏን በትሕትና «አናታ» ስትለው እርሱ «ኦማኤ» ይላታል። አሁን የቀድሞዋ ሚስት ወንድ፣ የቀድሞው ባል ሴት ከሆኑ፣ «አንቱ» የሚገባው ለማን ነው? ለቀድሞው የጦር አለቃ ነው ወይስ ለዛሬው ወንድ? ቀልዱ እዚህ ላይ ሲደርስ ከሣቅ በታች ሌላ ነገር ይታያል። የጦር አለቃው በልጃገረድነቱ ሰው ሁሉ አቋርጦት ሲናገር፣ ሥራውን ሳይጨርስ ቡና አፍዪ ሲባል፣ ብቻውን በመንገድ ሲመለስ ሲሠጋ፣ «ሚስቴ ይህንን ሁሉ ዘመን ዝም ብላ ችላው ነበርን?» ይላል። መሐላ ያላስተማረውን ቦታ መለወጥ አስተማረው። በእኛም ክፍል የጽዳት ተራ ሲደርስ መጥረጊያው ወደ ማን እጅ እንደሚሄድ የክፍል ጓደኞቼ ያውቃሉ።

ከዚህ ላይ በእኛው ቋንቋ የታዘብኩትን አንድ ነገር ልጨምር። በጨዋታ ሜዳ ወንድ ልጅ «አንቺ» ከተባለ ስድብ ነው፤ ጠብም ይነሣበታል። እናት ግን ወንድ ልጇን ስታቆላምጥ «ነይ እስቲ፣ አንቺ» ትለዋለች፤ ሴት ልጇንም «አንተ! የኔ ጌታ» ትላታለች፤ ማንም አይቆጣም። ቃሉ ያው ነው፤ የተለወጠው ተናጋሪው ለሚጠራው ሰው ያለው ልብ ነው። ስለዚህ የአማርኛ አንባቢ ይህንን የጃፓን ቀልድ እንግዳ ነገር አድርጎ ሊመለከተው አይገባም፤ በእናቱ ምድጃ ዙሪያ ሲሰማው ኖሯልና።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። መልክ፣ ድምፅ፣ ስምና ጾታ ሲለወጡ ምን ይቀራል? የሰይገን ታሪክና የዛሬው ቀልድ የሚነሡት ከአንድ ሐሳብ ነው፤ መልሳቸው ግን ይለያያል። ሰይገን የቀረው መሐላው ነው ብሎ ያሰበ ሰው ነው፤ ፊቱ የቆመችውን ልዕልት ሳያይ በእርሷ ውስጥ የሞተውን ሰው ፈለገ፤ ሁለቱንም አጣ። የቀልዱ ፍቅረኞች ግን በመጀመሪያ እንደ ሰይገን ቢጀምሩም፣ እየሣቁና እየተሳሳቱ ያለፈውን ዕዳ ይተዉና በፊታቸው ያለውን ሰው እንደ አዲስ ይተዋወቃሉ። እንደ እኔ አስተያየት የዚህ ወገን ማንጋ ቁም ነገር ይህ ነው፤ ትዝታ ሰውን ያገናኛል፤ አብሮ የሚያኖረው ግን የዛሬውን ሰው ማየት ነው።

ይህንንም ለማወቅ ሞቶ መወለድ አያስፈልግም። የታናሽነት ጓደኛችን ከጥቂት ዓመት በኋላ ሌላ ሰው ሆኖ ይመጣል፤ ወላጆቻችንም ትናንት ያዘሉትን ሕፃን ዛሬ በእኛ ውስጥ ሲፈልጉ እናያቸዋለን። የታወቀን ሰው እንደ ገና መተዋወቅ ለሁላችንም የማይቀር ሥራ ነው። እንግዲህ ወላጆች ልጃቸው በጃፓን የሥዕል መጽሐፍ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲሥቅ ቢያገኙት፣ መጽሐፉን ከመንጠቃቸው በፊት የሚሥቅበትን ገጽ እንዲያስረዳቸው ይጠይቁት። ማስረዳት ከቻለ ንባቡ ከንቱ አልሆነም።