ቁልቢ ገብርኤል፦ በስለት የቆመው ደብር

የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ የሚውልበት ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ የድሬዳዋ መልክ ይለወጣል። ከዚራ ሰፈር ያሉት ሆቴሎች ይሞላሉ፤ አልጋ ያጣ እንግዳ ዘመድ ቤት ወለል ላይ ያድራል። ሚኒባሶቹ የዘወትር መስመራቸውን ትተው «ቁልቢ! ቁልቢ!» ይጣራሉ። በዚህ ከተማ ያደገ ሰው ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም ይህችን ቀን ያውቃታል።

ቁልቢ ገብርኤል የሚገኘው ከድሬዳዋ ውጭ፣ በምሥራቅ ሐረርጌ ደጋ ላይ ነው። ለተሳላሚው ግን መግቢያ በሩ ድሬዳዋ ናት። ከቆላው ሙቀት ተነስቶ መኪናው የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ሲወጣ አየሩ ይቀየራል፤ ጋቢ ከሻንጣ ይወጣል። ዳገቱ ካለቀ በኋላ ወደ ግራ የሚታጠፈው ወደ ሐረር፣ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው በጫት ማሳዎች መሃል አቋርጦ ወደ ቁልቢ ያደርሳል። ድሬዳዋ ራሷ የተቆረቆረችው በዚህ ዳገት ምክንያት ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መድረስ ስላልቻለ በ1895 ዓ.ም. ግርጌው ላይ ቆመ፤ ከተማዋም እዚያው ተመሠረተች። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የመሃል አገር ተሳላሚ እስከ ድሬዳዋ በባቡር መምጣት ቻለ።

የደብሩ ታሪክ ከራስ መኮንን ጋር የተያያዘ ነው። ከቁልቢ ብዙም በማይርቀው ጨለንቆ በጥር 1879 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር የሐረሩን አሚር አብዱላሂን ድል ካደረገ በኋላ የሐረር ገዥ ሆነው የተሾሙት እሳቸው ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ከአድዋ ድል በኋላ፣ ለገብርኤል ምስጋና ነው ይባላል። በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ከሐረር ሲነሱ ታመው ነበር፤ ከቁልቢ ማለፍ አልቻሉም፤ እዚያው አረፉ። አስከሬናቸው ወደ ሐረር ተመልሶ ነው የተቀበረው። ኮረብታው ላይ ዛሬ የምናየውን ሰፊ ሕንፃ ያሠሩት ልጃቸው አፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። የምስጋናው ቦታ አባትየው የሞቱበት መሆኑን ሳስብ፣ ልጅየው ለዚህ ደብር የነበራቸው ፍቅር አይደንቀኝም።

ቁልቢ ገብርኤል ለምን በዓመት ሁለት ጊዜ ይነግሣል? ታኅሣሥ 19 ናቡከደነፆር እቶን እሳት ውስጥ ያስጣላቸው ሦስቱ ወጣቶች፣ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል፣ በገብርኤል የዳኑበት መታሰቢያ ነው። ሐምሌ 19 ደግሞ ሕፃኑ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ ከሚፈላው ውኃ የወጡበት። ሁለቱም ከእሳትና ከፈላ ውኃ ስለ መትረፍ ይናገራሉ። ጭንቅ የያዘው ሰው ወደዚህ ደጅ የሚመጣውም ለዚህ ይመስለኛል።

በዋዜማው ካህናቱ ከበሮና ጸናጽል ይዘው ማኅሌት ሲቆሙ ያድራሉ፤ ሲነጋ ታቦቱ ይወጣል። የቁልቢ ልብ ግን ስለቱ ነው። «ልጅ ብትሰጠኝ»፣ «ከሕመሜ ብታድነኝ»፣ «የታሰረ ወንድሜን ብታስፈታልኝ» ብሎ የተሳለ ሰው፣ ስለቱ ሲደርስ የተሳለውን ይዞ ይመጣል። ወደ ደብሩ በሚያስወጣው ዳገት ላይ ቆሞ የሚያልፈውን ማየት ነው፦ ላስቲኩ ገና ያልተቀደደ ባለ ዘርፍ ጃንጥላ የያዘች እናት፣ በጀርባዋ ያዘለችው ልጅ የስለቷ ፍሬ ነው፤ ዛሬ ይጠመቃል። ከኋላዋ አንድ ጎልማሳ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ ይወጣል። ጧፍ፣ ዕጣን፣ መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ ወርቅ፣ በሬም ይገባል። በእምነታቸው ሙስሊም ሆነው ተስለው የሚመጡም አሉ። ስለት ያስገባ ሰው በመጣ ቁጥር እልልታው ከየአቅጣጫው ይነሳል።

ስለት ማስገባት በእኛ ብቻ የሚታይ አይደለም። በጀርመኗ የቩርዝቡርግ ከተማ፣ ከማይን ወንዝ በላይ ባለ ኮረብታ ላይ ባልታዛር ኖይማን በ18ኛው ክፍለ ዘመን በባሮክ ስልት የነደፋት «ኬፐለ» የምትባል ቤተ ክርስቲያን አለች። ተሳላሚው የክርስቶስን ሕማማት በሚያሳዩ ምስሎች መሃል ረጅሙን ደረጃ ወጥቶ ይደርሳል፤ ከጎኗ ባለ መተላለፊያ ውስጥ ትውልዶች ያስገቡት የምስጋና ሥዕልና የሰም ቅርጽ ይታያል። የዳነው ሰው ምስጋና እዚያው ግድግዳ ላይ ቀርቷል። በቁልቢ ግን ጧፉ ይነድዳል፣ ዕጣኑ ይጤሳል፣ የቀረውም በጨረታ ተሸጦ ገንዘብ ይሆናል። ገንዘቡ ለደብሩ አስፈላጊ ነው። ሆኖም በየዓመቱ በዚያ ደጅ የሚነገረው የሰው ታሪክ ከእልልታው ጋር አብሮ እንዳይጠፋ፣ ተጽፎ የሚቀመጥበትና ጎብኚ የሚያየው አንድ አዳራሽ ቢኖር እጅግ ደስ ይለኝ ነበር። የተሳለው ሰው ፈቃድ ከተገኘ፣ ከሕንፃው ይልቅ ይህ መዝገብ ነው የቁልቢን ማንነት የሚነግረን።

ሕንፃውን ረጋ ብሎ ማየት የሚፈልግ ሰው በአዘቦት ቀን ይሂድ። ያኔ ግቢው ጸጥ ያለ ነው፤ ከኮረብታው ሆኖ ሸለቆውን ማየት፣ አባቶችንም ማነጋገር ይቻላል። ነጠላ መያዝ፣ ከመግባት በፊት ጫማ ማውለቅ፣ የወንድና የሴት መግቢያ የተለያየ መሆኑን ማወቅ ያሻል። በበዓሉ ቀን የሚሄድ ደግሞ ከድሬዳዋ ሌሊት ይነሳ፤ ረፋድ ላይ መንገዱ ስለሚጨናነቅ ብዙዎች ከመኪና ወርደው የቀረውን በእግር ይጨርሳሉ። የታኅሣሡ ያመለጠው የሐምሌው አለለት፤ ለዝናቡና ለጭቃው ግን ተዘጋጅቶ ይምጣ።