ስደተኛና ወሰን በጂቡቲ

የጂቡቲ ስም በተነሣ ጊዜ ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ወደቡና የምድር ባቡሩ ነው። ነገር ግን ይህች ጎረቤታችን ስፋቷ ወደ 23,200 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሕዝቧም አንድ ሚሊዮን ገደማ ሲሆን፣ ከሶማሊያ፣ ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከባሕር ማዶ ከየመን ለሚመጣው ስደተኛ መጠጊያ ሆና ኖራለች። ስደተኛው በዚያ እንዴት እንደሚኖር ጥቂት ለመግለጽ እወዳለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የተጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አስቀድሞ ስለ ወሰኑ መናገር ያስፈልጋል። በ1897 በዳግማዊ ምኒልክና በፈረንሳይ መንግሥት መካከል የወሰን ውል በተደረገ ጊዜ፣ መስመሩ ያለፈው ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ዝናብ በሚከተለው በአፋርና በኢሳ አገር ላይ ነው። ስለዚህ ከአንድ ጎሳ የተወለዱ ሰዎች ግማሾቹ ወዲህ፣ ግማሾቹ ወዲያ ሆነው ቀሩ። አርብቶ አደሩ እስካሁንም ሣርና ውኃ ወዳለበት ይሻገራል፤ ወሰኑም ያን ያህል አይከብደውም። ከጦርነት ሸሽቶ የመጣው ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጂቡቲ ነፃነቷን ባገኘችበት በ1977 የኦጋዴን ጦርነት ተነሥቶ ብዙ ኢሳዎች ከኢትዮጵያ ወደዚያ ተሰደዱ። ቋንቋቸውም ሃይማኖታቸውም ከአገሬው ጋር አንድ ነበረ። ቢሆንም በወረቀት የተቆጠሩት እንደ ባዕድ ነው፤ ከ1983 ጀምሮም ብዙዎቹ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ በ1991 የሶማሊያ መንግሥት ወደቀ። ያን ጊዜ ለሸሹት ሰዎች ከአሊ ሳቢህ ከተማ ብዙም በማይርቀው፣ ድንጋይና አቧራ በሞላበት በአሊ አዴ ሸለቆ ሰፈር ተሠራላቸው። ለጥቂት ጊዜ ነው የተባለው ሰፈር እነሆ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነው። በዚያ የተወለዱ ሕፃናት አድገው የልጆች አባትና እናት ሆነዋል። በጂቡቲ ሕግ ዜግነት የሚገኘው ከወላጅ እንጂ ከተወለዱበት መሬት ስላልሆነ፣ እነዚህ ልጆች አገራቸው የት እንደሆነ ቢጠየቁ ዐይተውት የማያውቁትን የአባታቸውን አገር ይጠራሉ።

እኛን ተማሪዎቹን ከሁሉ ይልቅ የሚነካን የትምህርታቸው ነገር ነው። የጂቡቲ ልጆች የሚማሩት በፈረንሳይኛ ነው። በአሊ አዴ ግን ለብዙ ዓመታት ይሰጥ የነበረው የኬንያ ትምህርት ሲሆን፣ እርሱም በእንግሊዝኛ ነበረ። ይህ የተደረገው በክፋት አይመስለኝም፤ ስደተኛው ነገ ይመለሳል ተብሎ ስለታሰበ ነው። ውጤቱ ግን ከባድ ሆነ። ልጁ ቢጎብዝም፣ አንደኛም ቢወጣ፣ ቋንቋውም ምስክር ወረቀቱም በሚኖርበት አገር የሚያገለግለው አልሆነም። በአጥርና በወታደር ያልተከለለ ሁለተኛ ወሰን በትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ ነበረ ማለት ይቻላል።

በጥር 2017 ግን ጂቡቲ አዲስ የስደተኞች ሕግ አወጣች። በዚህ ሕግ ስደተኛው ሥራ እንዲሠራ፣ እንዲማርና በሐኪም ቤት እንዲታከም መብት ተሰጠው። በዚያው ዓመት የሰፈሩን ትምህርት ቤቶች ከአገሩ የትምህርት ሥርዓት ጋር ለማዋሐድ ስምምነት ተደረገ። ከኛ የሚበልጡ ብዙ ባለጸጎች አገሮች ይህን ያህል እንኳ አላደረጉም። እርግጥ ነው፣ አገሬው ራሱ ሥራ በሚያጣበት አገር የሥራ መብት በጽሕፈት መገኘቱና እንጀራ መገኘቱ አንድ አይደለም።

በሰሜን በኩል ባለችው በኦቦክ ደግሞ ሌላ ነገር ይታያል። በ2015 የየመን ጦርነት ሲበረታ፣ በጠባቡ በኩል ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነውን የባብ ኤል መንደብ ባሕር በጀልባ እየተሻገሩ ብዙ የመናውያን መጡ። በጂቡቲ ከተማ ከጥንት ጀምሮ በንግድ የሚኖሩ፣ ትውልዳቸው ከየመን የሆነ ቤተ ሰቦች አሉ፤ ዐረብኛም ከፈረንሳይኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ ነው። ስለዚህ በከተማው ዘመድ ያለው ሰው ቶሎ ለመደ። ዘመድ የሌለው ግን በኦቦክ አጠገብ ማርካዚ በተባለው ሰፈር፣ በበጋ ከበረሃ የሚነሣውን ትኩስ ነፋስ እየታገሠ ተቀመጠ።

የሚያስደንቀው በዚያው ዳርቻ የኛ አገር ልጆች በተቃራኒው መጓዛቸው ነው። ከጋላፊ ተነሥተው፣ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ባለው በአሳል ሐይቅ አጠገብ በእግራቸው አልፈው፣ ሳዑዲ ዐረቢያ ለመግባት ወደ የመን ይሳፈራሉ። በጥር 2019 ከኦቦክ ወገን በጎዶሪያ አቅራቢያ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ሌሎችም የየመን ጦርነት አላሳልፍ ብሏቸው በመጡበት ባሕር ይመለሳሉ። ያን ጊዜ በአንድ ዳርቻ ላይ የመናዊውና ኢትዮጵያዊው እኩል ይወርዳሉ፤ የመናዊው ስደተኛ ተብሎ ተመዝግቦ ወደ ማርካዚ ሲሄድ፣ ኢትዮጵያዊው ግን ተጓዥ ይባልና በኦቦክ ከተማ ባለው የተጓዦች መርጃ ቤት ወደ አገሩ የሚመለስበትን ቀን ይጠብቃል።