ትምህርቱስ ደኅና፥ ተማሪውስ?

በብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች ለመመረቅ የተቃረቡ ተማሪዎች፥ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በየዓመቱ በሚደረገው ብሔራዊ መጠይቅ፥ ስለ መምህሮቻቸው የማስረዳት ችሎታ፥ ስለ ፈተና አስተራረምና ስለ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ይጠየቃሉ። መጠይቁ ለብዙ ዓመታት የሚደመደመው በትምህርቱ በጠቅላላው ረክተው እንደ ሆነ በሚጠይቅ ቃል ነበር፤ ውጤቱም በመቶኛ ተሰልቶ ስለሚታተም፥ ዩኒቨርሲቲ የሚመርጡ ወጣቶችና ወላጆቻቸው አጥብቀው ይመለከቱታል።

እንዲህ ያለው አኃዝ የሚታመነው የተጠየቁት ሲመልሱ ነውና፥ ከተጠየቁት ቢያንስ እኩሌታው ካልመለሱ፥ ወይም የመለሱት ከ10 ካነሱ፥ ውጤቱ አይታተምም። እ.ኤ.አ. በ2017 የተማሪዎች ማኅበራት፥ ውጤቱ የትምህርት ክፍያን ለማስጨመር መንገድ ይሆናል ብለው አባሎቻቸው እንዳይመልሱ ባሳደሙ ጊዜ፥ ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ሳይቀሩ የሚታተም ውጤት አጡ። ሰው የሰጠው መልስ በራሱ ላይ ዕዳ የሚሆንበት ከመሰለው ዝምታን ይመርጣል።

እ.ኤ.አ. በ2023 መጠይቁ ሲታደስ፥ በእንግሊዝ የጠቅላላ እርካታ ጥያቄ ተሰርዞ፥ ስለ አእምሮ ደኅንነት አንድ ጥያቄ ተጨመረ። ጥያቄው በጎ ነው፤ ነገር ግን ተመርምሮ ሲታይ፥ ስለ ድጋፍ አገልግሎቱ በሚገባ ተነግሮህ ነበርን ይላል እንጂ፥ አንተ ራስህ እንዴት ከረምህ አይልም። እንደ እኔ አስተያየት የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ከዚህ ላይ ነው፤ በመምህሩ እጅግ የረካ፥ ግሬዱም ያማረለት ተማሪ፥ ሌሊቱን በጭንቀት ሲገላበጥ ሊያነጋ ይችላልና፥ ስለ ትምህርቱና ስለ ሰውዬው ለየብቻ ሊጠየቅ ይገባል።

ለሁለተኛው ጥያቄ የሚያገለግል፥ የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው፥ አምስት ነጥብ ብቻ ያለው መመዘኛ አለ። ይኸውም ባለፉት 2 ሳምንታት ልቡናው ደስ ብሎት፥ መንፈሱ ረግቶ፥ ሰውነቱ በርትቶ፥ ከእንቅልፉ ዐርፎ ተነሥቶ፥ የዕለት ኑሮው በሚወደው ነገር ተሞልቶ እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ መልሱም ከ0 እስከ 5 ይሰጣል። አንዲት ተማሪ ለደስታዋ 3፥ ለእርጋታዋ 2፥ ለብርታቷ 3፥ ለእንቅልፏ 1፥ ለኑሮዋ ጣዕም 3 ብትሞላ፥ ድምሩ 12 ሆኖ በ4 ሲባዛ 48 ይወጣል። ከ100ው 50 ወይም ከዚያ በታች ማግኘት የበሽታ ፍርድ ሳይሆን፥ አማካሪ ወይም ሐኪም ቀርቦ ያነጋግራት ዘንድ የሚያሳስብ ምልክት ነው። ለእንቅልፍ የተሰጠችውን 1 ቁጥር ልብ ይሏል! በአገራችን ዶርም ውስጥ በፈተና ሰሞን ያደረ ሁሉ ትርጕሟ አይሰወረውም።

እንዲህ ያለውን የልብ ምስጢር የሚጠይቅ ሰው፥ እንደ ንስሐ አባት ሰምቶ መሰወር አለበት። ግሬዱ ገና ያልወጣለት ተማሪ መምህሩን ሲመዝን እንኳ የእጅ ጽሕፈቴ ይታወቃል ብሎ የሚፈራ ከሆነ፥ ስለ ጭንቀቱማ እንዴት በድፍረት ይጽፋል? ስለዚህ ስምና የመታወቂያ ቁጥር ከወረቀቱ ላይ ፈጽሞ መጠየቅ የለባቸውም። ነገር ግን ስም ከሌለ፥ ያችን 48 ያገኘችውን ልጅ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም፤ ይህ ከባድ ችግር ነው። ቢያንስ ከመጠይቁ ጋራ ለእያንዳንዱ ተማሪ፥ ደኅና ለሆነውም ላልሆነውም፥ የአማካሪው ቢሮ የሚገኝበትን ሕንፃ፥ የሚከፈትበትን ሰዓትና ስልኩን የያዘ፥ ይዞት የሚሄደው ወረቀት ይሰጠው።