ፓይተን እና የመንገዱ ኬላ

ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የጀመረ ሰው አንድ ቀን ይህ ሳይገጥመው አይቀርም። የጻፈው ፕሮግራም የመርሳ ብርቱካን በኪሎ ስንት እንደሆነ ይጠይቃል፤ 30 ብለው ይጽፉለታል፤ በ3 ኪሎ ያባዛል። 90 ሲጠበቅ ስክሪኑ ላይ 303030 ይመጣል! ፓይተን አልተሳሳተም። ከኪቦርድ የተቀበለው ጽሑፍ እንጂ ቁጥር አይደለም፤ ጽሑፍ በ3 ሲባዛ ደግሞ ሦስት ጊዜ ይደገማል። በዚያው ጽሑፍ ላይ 3 እንዲደምር ብናዘው ኖሮ የዓይነት ስህተት ነው ብሎ ይቆም ነበር። ጃቫ ስክሪፕት የተባለው ቋንቋ ግን ምንም ሳይናገር 303 ብሎ ያልፈዋል።

ፓይተን ቁጥርንና ጽሑፍን የሚለየው በሥራ ላይ እያለ ፈትሾ ነው። እንደ ሲ ባሉ ቋንቋዎች ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለር ዓይነቱን አስቀድሞ ያጣራል፤ መኪናው ወልዲያ መናኸሪያ ላይ ተፈትሾ ደሴ ድረስ ሳይቆም እንደመሄድ ነው። በፓይተን መንገድ ላይ ግን ሲሪንቃም፣ መርሳም፣ ውርጌሳም፣ ውጫሌም ኬላ አለ። ሚሊዮን ጊዜ የሚዞር ሉፕ ሚሊዮን ጊዜ ይፈተሻል። ጭነቱም ይከብዳል፦ በሲ 4 ባይት የሚበቃው ቁጥር በፓይተን 28 ባይት ይይዛል፤ የዓይነቱን መታወቂያና ሌላም መዝገብ ተሸክሞ ስለሚዞር።

ፍተሻው ለሚያመጣው መዘግየት የተገኘው መላ፣ እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ፣ ፍተሻውን መሰረዝ ሳይሆን ማስታወስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ዶይች እና ሺፍማን ስሞልቶክ ለተባለው ቋንቋ ባለፈው የታየውን ዓይነት እዚያው ቦታው ላይ መዝግቦ የሚያስቀምጥ ዘዴ አሳዩ። የኬላ ጠባቂ በየቀኑ የሚያልፈውን አውቶቡስ ሰሌዳውን ብቻ አይቶ እንደሚያሳልፈው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 የወጣው ፓይተን 3.11ም እንዲሁ ያደርጋል። አንድ መደመሪያ ደጋግሞ ቁጥር ካጋጠመው ራሱን ለቁጥር ብቻ በተዘጋጀ ፈጣን መደመሪያ ይተካል፤ እንግዳ ዓይነት ሲመጣ ወደ ሙሉው ፍተሻ ይመለሳል። አዘጋጆቹ እንደለኩት ከ3.10 በአማካይ 25 በመቶ ይፈጥናል።

ፍተሻውን እንደ ጉድለት ብቻ የሚያዩት ሰዎች አያሳምኑኝም። ቆሞ ስህተቱን የነገረን ፕሮግራም፣ 303 ብር አስከፍሎን ካለፈው ይሻላል።

በወልዲያና በመርሳ ኮድ የምትጽፉ ተማሪዎች፣ ፓይተን ዘገየ ብላችሁ ቋንቋ ከመቀየራችሁ በፊት ሰዓቱ የት እንደሚያልቅ ለኩ። የሚያልቀው ቁጥር በሚያሰላ ሉፕ ላይ ከሆነ ነምፓይ የተባለውን የፓይተን ላይብረሪ ሞክሩ። እዚያ የአንድ ሠንጠረዥ ቁጥሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ፣ የሚፈተሸው እያንዳንዱ ብርቱካን ሳይሆን ሙሉው ጭነት አንዴ ነው።