ከቀለበቱ በፊት እጇን እይ

ባለፈው ዓመት፣ ፋሲካ አልፎ ባለ አንድ ቅዳሜ፣ ልጄ ስልኩን ይዞ ወጥ ቤት ገባ። እኔ ሽንኩርት እያቁላላሁ ነበር። «እማዬ፣ እጅሽን ጠረግ አድርጊና አንዴ እዪልኝ» አለ። ሽማግሌ ልኮ «ልጃችንን ሰጥተናል» ከተባለ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። ቀለበት የሚያስርበት ቀን ተቆርጧል። ስልኩ ላይ አሥራ አንድ የቀለበት ፎቶዎች ደርድሯል። ከሁሉም የወደደው መሐሉ ላይ ትልቅ ነጭ ድንጋይ ከፍ ብሎ የተቀመጠበት፣ ዙሪያውን በጥቃቅን ድንጋዮች የተከበበ ነው። እውነቱን ለመናገር ያምራል።

«ልጅቷ ቀኑን ሙሉ በእጇ ምን ስትሠራ ነው የምትውለው?» አልኩት።

«ነርስ መሆኗን ታውቂ የለ?» አለና ሳቀ። ጥያቄው ከቀለበቱ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልገባውም። አልፈረድኩበትም። እኔም የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

እኔና አባቱ በተጫጨንበት ጊዜ ወርቅ ሲባል ፒያሳ ነበር። አባቱ ከመምህርነት ደመወዙ ለወራት አጠራቅሞ ቀይ ፈርጥ ያለው የወርቅ ቀለበት ገዛልኝ። ፈርጡ ጣቴ ላይ እንደ ጉልላት ቆሞ ይታያል። ዘመድ አዝማድ እጄን እየሳበ አየው፤ እኔም ኮራሁበት። ከሠርጉ በኋላ ግን ኑሮ መጣ። ሊጥ ሳቦካ ድንጋዩን ቆንጥጠው በያዙት ጥፍሮች ሥር እየገባ ይደርቃል፤ በመርፌ ነው የማወጣው። ነጠላ ሳጣፋ ክሩን ይመዘዋል። ከዚያ የመጀመሪያ ልጃችን ተወለደ፤ ይኸው ስልክ ይዞ የቆመው ልጅ። አንድ ቀን ገላውን ሳጥበው ፈርጡ ጉንጩን ጫረው። ትንሽ ነበረች፣ ግን ደማች። በዚያው ዕለት «ልጁ ጠንከር ሲል አደርገዋለሁ» ብዬ አወለቅኩና ከቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ልጁ ጠነከረ፣ እህቱ ተከተለች፣ ጣቴም ወፈረ። ቀለበቱ እዚያው ቀረ።

ባለቤቴ አንድም ቀን «የት ደረሰ?» ብሎኝ አያውቅም። እኔም አልነገርኩትም። ዝም ያለው ግድ ስለሌለው መስሎኝ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን፣ አንዲት ዘመዳችን ለጎረቤቷ «እሷ እኮ ቀለበት እንኳ አላሰረላትም» ስትል እሱ ከኋላዋ ሆኖ ሰማ። ማታ ቤት ስንገባ «ያኔም አልወደድሽውም ነበር፣ አይደል?» አለኝ። ያን ሁሉ ዘመን እንዲህ እያሰበ ነው የኖረው። የሆነውን ስነግረው ረጅም ጊዜ ዝም አለና «ምነው በጠየቅኩሽ» አለ።

ይህንን ለልጄ የነገርኩት ያን ቅዳሜ ነው። እሱ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ እጄን ባዶ ሲያይ ቀለበቱ በችግር ጊዜ የተሸጠ መስሎት ነበር። ስልኩን ኪሱ ከተተና «እሺ፣ ምን ላድርግ?» አለ። በሚቀጥለው ሳምንት አብረን ወደ ወርቅ ቤት ሄድን። አንጥረኛው በዕድሜ የገፉ፣ ነገር የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ልጅ ለመዳር የምትሰናዱ ወላጆች ሁሉ ብትሰሙት ይጠቅማልና ያስረዱንን ላካፍላችሁ።

ፎቶውን አይተው መጀመሪያ የጠየቁት የልጅቷን ሥራ ነው። ነርስ መሆኗን ሲሰሙ ስልኩን መለሱለት። ከፍ ያለ ፈርጥ የእጅ ጓንት ይቀዳል፤ ሥሩም እርጥበትና ቆሻሻ ስለሚይዝ ለሕክምና ሥራ አይመከርም። እንዲህ ላለ እጅ የሚስማማው ልሙጥ ቀለበት ነው፤ ፈርጥ የግድ ካስፈለገ ከወርቁ ጋር እኩል ሆኖ የተቀበረ፣ ወይም ዙሪያውን በወርቅ ጠርዝ የታቀፈ ይሁን አሉን። ምግብ ለምታበስል፣ ለምትሰፋ፣ ሕፃናት ለምትይዝም ምክራቸው ያው ነው። ቀኑን ቢሮ ተቀምጣ የምትውልና ማጌጥ የምትወድ ከሆነች ግን ከፍ ያለው ፈርጥ ነውር የለበትም፤ ጥፍሮቹ መላላት አለመላላታቸውን አልፎ አልፎ ማሳየት ብቻ ነው። ስፋትም ይታሰብበታል። አጭር ጣት ላይ ሰፊ ቀለበት ጣቱን ይበልጥ ያሳጥረዋል።

ቀጥሎ ወርቁ። ብዙዎቻችን ካራቱ ከፍ ባለ ቁጥር የተሻለ ይመስለናል። ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ነው፤ ነገር ግን ለስላሳ ስለሆነ በየዕለቱ ለሚደረግ ቀለበት አይሆንም። 21 ካራት ከመቶ 87.5 ወርቅ አለው፤ 18 ካራት ደግሞ ከመቶ 75። የቀረው መዳብን የመሰለ ሌላ ብረት ነው፤ ጥንካሬ የሚሰጠውም እሱ ነው። ከዓረብ አገር ዘመድ የሚያመጣልን ወርቅ ብዙውን ጊዜ 21 ወይም 22 ካራት ነው። ለአንገት ሐብልና ለጉትቻ መልካም ነው፤ ሲሠራ ለሚውል ጣት ግን 18 ይሻላል። ከቀለበቱ ውስጠኛ ክፍል 750 የሚል ማኅተም ካለ 18 ካራት፣ 875 ከሆነ 21 ካራት ማለት ነው።

ልጄ ነጭ ወርቅም ጠይቆ ነበር። ነጭ ወርቅ ከነጭ ብረቶች ጋር የተቀላቀለ ወርቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ላዩ ሮዲየም በሚባል ብረት ይለበጣል፤ ልባሱ ከዓመታት በኋላ ስለሚሳሳ እንደገና ማስለበጥ ይኖራል። አንዳንዱ ኒኬል አለበት። ርካሽ ጉትቻ ስታደርግ ጆሮዋን የሚያሳክካት ልጅ ከሆነች ኒኬል አለመኖሩን ሳያረጋግጡ መግዛት አይገባም።

ስለ ድንጋይ ስናወራ ልጄ ዐይኑ በራ። የልጅቷ ቤተሰቦች የወሎ ሰዎች ናቸው፤ የወሎን ኦፓል ሊያስደርግላት አስቦ ኖሯል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ከደላንታ፣ ከወገል ጤና አካባቢ እየወጣ ዓለም ያወቀው ድንጋይ ነው፤ ሲያገላብጡት ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እሳት ያወጣል። አንጥረኛው ሐሳቡን ወደዱለት፤ ለዚህች ልጅ ጣት ግን አይሆንም አሉ። የድንጋይ ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 ይለካል። አልማዝ 10 ነው፤ ሩቢና ሳፋየር 9፤ ኦፓል ግን 6 አካባቢ ነው። ተራ አቧራ ውስጥ ያለው አሸዋ 7 ስለሆነ ኦፓልን ይጭረዋል። በዚያ ላይ የወሎ ኦፓል ውኃ ይጠጣል፤ ሲርስ ቀለሙ ይጠፋና ሲደርቅ ይመለሳል። ዘይትና ሳሙናም ያበላሸዋል። በቀን ስንት ጊዜ እጇን የምትታጠብ ነርስ ምን ታድርገው? «ኦፓሉን ለጉትቻ አድርግላት፤ ከውኃ ይርቃል» አሉት።

ልክን በተመለከተ ደግሞ ጣት በሙቀትና ከሥራ በኋላ ያብጣል፤ በብርድና በጠዋት ይቀጥናል። ስለዚህ አመሻሽ ላይ መለካት ይሻላል። ጥሩ ልክ አንጓውን ሲያልፍ ትንሽ የሚታገል፣ ካለፈ በኋላ የማያስጨንቅ ነው። ልጅ ሲወለድ፣ ዕድሜ ሲገፋ ጣት ይለወጣልና ሊሰፋ የሚችል ቀለበት መምረጥ ብልህነት ነው። ልሙጡ በቀላሉ ይሰፋል፤ ዙሪያውን በሙሉ ድንጋይ የተደረደረበት ግን ያስቸግራል። በረኪና ሲነካም ይውለቅ፤ ከወርቁ ጋር የተቀላቀለውን ብረት ይጎዳዋል።

ልጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ ከወርቅ ቤቱ ባዶ እጁን ወጣ። ድንገተኛ ስጦታ ሊያደርገው አስቦ ነበር፤ ያን ቀን ማታ ግን ደውሎ ጠየቃት። መልሷን ሲነግረኝ እንባዬ መጣ። ለካስ ልጅቷ ተጨንቃ ኖሯል። ምን ዓይነት ቀለበት እንደሚያመጣ ስላላወቀች፣ ሥራ ቦታ ማድረግ ካልቻለች በማተቧ አንጠልጥላ ልትይዘው ወስና ነበር። «ሁልጊዜ ጣቴ ላይ የሚውል ቢሆን ደስ ይለኛል» አለችው። የመረጡት ጠበብ ያለ፣ 18 ካራት ልሙጥ ቀለበት ነው፤ ከወርቁ ጋር እኩል የተቀበረች አንዲት ትንሽ ነጭ ድንጋይ አለችው። በውስጡ የሁለቱን ስምና ቀኑን አስቀረጹበት። ከበጀቱ የተረፈው ለቤት ኪራይ ቅድሚያ ክፍያ ሆነ።

ቀለበት በታሰረ ዕለት እህቴ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ «ምነው ፈርጧ እንደዚህ አነሰች?» አለችኝ። እኔም ብሆን ለአንድ አፍታ ሰው ምን ይላል ማለቴ አልቀረም። እኛ ወላጆች ድግሱን ስናስብ የሚመጣውን እንግዳ ዐይን እናስባለን። እንግዳው ግን በልቶ ጠጥቶ ይሄዳል። ቀለበቱን ነገ ጠዋት አድርጋ ሥራ የምትገባው ልጅቷ ናት። ስለዚህ ልጆቻችሁ ፎቶ ይዘው ሲመጡ «ይሄ ያምራል፣ ያ ያምራል» ከማለታችሁ በፊት እጇ ምን ሲሠራ እንደሚውል ጠይቋቸው። ካላወቁ ሄደው ይጠይቋት።

የእኔንም ነገር ላንሣ። ከልጄ ቀለበት ማሰር በኋላ ባለቤቴ ራሱ የቆርቆሮ ሣጥኑን አውጥቶ «ነይ እንሂድ» አለኝ። አንጥረኛው ቀዩን ፈርጥ ዝቅ አድርገው በወርቅ ጠርዝ አቀፉት፤ ትንሽ ወርቅ ጨምረውም አሰፉልኝ። አሁን ጣቴ ላይ ነው። ሊጥ ሳቦካ ግን ዛሬም አወልቀዋለሁ። ባለቤቴም ባዶ እጄን ሲያይ «የት አስቀመጥሽው?» ይለኛል።