ፖሊስን እንዲቆጣጠር የሚመረጠው ሰው

ከለንደን በስተ ደቡብ ምዕራብ ባለችው የሰሪ አውራጃ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2012 ለመራጮች በቀረበው የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ፣ ወግ አጥባቂና ሌበርን ከመሳሰሉት የለመዷቸው ፓርቲዎች ጋር አንድ እንግዳ ስም ሰፍሮ ነበር። ትርጉሙ «ወንጀልን ጨርሶ የማይታገስ ፖሊስ፣ የቀድሞ አለቃ» ማለት ነው። ይህ መፈክር ሳይሆን የፓርቲ ስም ነው። የአገሩ የምርጫ ሕግ፣ ፓርቲ የሌለው ዕጩ ከስሙ ጎን «የግል» ከሚለው ቃል በቀር ሌላ መግለጫ እንዲያስገባ አይፈቅድለትም። የቀድሞው የፖሊስ መኮንን ኬቪን ኸርሊ ታዲያ ማስታወቂያቸውን ፓርቲ አድርገው አስመዘገቡት። አሸነፉም።

ያንን ወረቀት ይዞ ከመጋረጃው ጀርባ የቆመ ሰው የፖሊስ አዛዥ እየመረጥኩ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ይመርጥ የነበረው ግን አዛዡን ሳይሆን አዛዡን የሚሾመውንና የሚሽረውን ሰው ነው። ይህ ሰው «የፖሊስና ወንጀል ኮሚሽነር» ይባላል። በሥራ ላይ ያለ ፖሊስ ለቦታው መወዳደር አይችልም፤ ጡረታ የወጣ ግን ይችላል። ግራ መጋባቱን የሚያባብሰው ደግሞ በለንደን «ኮሚሽነር» የሚባለው ራሱ የከተማዋ ፖሊስ ቁንጮ፣ የደንብ ልብስ ለባሹ አለቃ መሆኑ ነው።

ሹመቱ ከየት መጣ? ከዚያ በፊት በእንግሊዝና በዌልስ እያንዳንዱን የፖሊስ ኃይል የሚከታተለው «የፖሊስ ባለሥልጣን» የተባለ ኮሚቴ ነበር። በ1964 በወጣው ሕግ መልክ የያዘ ሲሆን፣ በኋለኞቹ ዓመታት አብዛኛውን ጊዜ 17 አባላት ነበሩት፤ 9ኙ የአካባቢ ምክር ቤት ተመራጮች፣ 8ቱ ደግሞ ከምክር ቤት ውጭ የተመለመሉ ሰዎች ናቸው። ኮሚቴው በዝምታ የሚሠራ አካል ነበር፤ ሌባ ቤቱን የሰበረበት ሰው ለማን አቤት እንደሚል አያውቅም ነበር። በ2010 ሥልጣን የያዘው የዴቪድ ካሜሮን ጥምር መንግሥት ኮሚቴው ይቅርና ሕዝቡ አንድ ሰው ይምረጥ፣ ሰውዬው ካልሠራ በሚቀጥለው ምርጫ ይውረድ አለ። የሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ቴሬዛ ሜይ ሕጉን በ2011 በፓርላማ አስጸደቁ። ለንደን የራሷ አሠራር ስላላት ተተወች፤ ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድም የሉበትም። የቀሩት 41 የፖሊስ ክልሎች አንዳንድ ኮሚሽነር እንዲመርጡ ተወሰነ።

የኮሚሽነሩ ሥልጣን በወረቀት ላይ ከባድ ነው። የክልሉን የፖሊስ ዕቅድ ያወጣል፣ በጀቱን ይይዛል፣ ዋና ኮንስታብል የሚባለውን አዛዥ ይቀጥራል፣ ያባርራል። ነዋሪው በቤቱ ላይ ከሚከፍለው ግብር ውስጥ የፖሊስን ድርሻ የሚተምነውም እሱ ነው። በየዓመቱ በየቤቱ የሚመጣው የካውንስል ታክስ ደረሰኝ ላይ ከማዘጋጃ ቤቱ ድርሻ ቀጥሎ የኮሚሽነሩ መጠሪያ ከነገንዘቡ በራሱ መስመር ታትሞ ይታያል። ብዙ ቤተሰብ ስለዚህ ሹም የሚያነበው ይህችኑ መስመር ብቻ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ።

የማይችለው ደግሞ ዕጩው በቅስቀሳ ጊዜ ሊለው የሚያምረውን ሁሉ ነው። እገሌ ይታሰር፣ ያ መዝገብ ይዘጋ፣ ዛሬ ማታ ከዚያ መንገድ ላይ ሰው ይፈተሽ ብሎ ማዘዝ አይችልም። የዕለት ተዕለቱ የፖሊስ ሥራ ነፃነት የአዛዡ ነው፤ ኮሚሽነሩም ሥራ ሲጀምር በዚህ ጣልቃ እንደማይገባ ቃል ይገባል። እንግዲህ አሥር ሰው ለዚህ ቦታ ቢወዳደር አሥሩም የሚሉት አንድ ዓይነት ነው፦ ፖሊስ በመንገድ ላይ ይታይ፣ ተጎጂ ይደመጥ፣ ገንዘብ አይባክን። ይህን የሚቃወም ማን አለ? የፓርላማ ዕጩዎች ስለ ግብርና ስለ ጦርነት ይለያያሉ፤ እነዚህ ግን የሚለያዩበት ነገር እንኳ በቅጡ አልተሰጣቸውም። የመራጩ ግራ መጋባት ከስንፍና የመጣ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን አብዛኛውን ጥፋት በሹመቱ አሠራር ላይ አደርጋለሁ።

አዘገጃጀቱን ማየት ነው። ምርጫው መጀመሪያ በሜይ፣ ከሌሎች የአካባቢ ምርጫዎች ጋር እንዲሆን ታስቦ ነበር። በጥምር መንግሥቱ ውስጥ በተደረገ ድርድር ወደ ኖቬምበር 15 ተገፋ፤ በእንግሊዝ አገር ይህ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ተኩል ሳይሞላ የሚጨልምበት፣ ብርድና ካፊያ የማይለይበት ወቅት ነው። በፓርላማ ምርጫ እያንዳንዱ ዕጩ አንድ በራሪ ወረቀት በነፃ በፖስታ ወደ እያንዳንዱ ቤት የመላክ መብት አለው፤ ለዚህ ምርጫ ግን ወጪው በዛ ተብሎ ተከለከለ። በምትኩ የዕጩዎቹ መግለጫ በአንድ ድረ ገጽ ላይ ተለጠፈ፤ ኢንተርኔት የሌለው ስልክ ደውሎ የታተመ ቅጂ እንዲያዝዝ ተነገረው። የሚገርመው የምርጫ ኮሚሽኑ ድምፅ እንዴት እንደሚሰጥ የሚያስረዳ ቡክሌት በየቤቱ ልኳል። እንዴት እንደሚመርጡ አወቁ፤ ማንን እንደሚመርጡ ግን ቤታቸው ድረስ መጥቶ የነገራቸው የለም።

ዕጩውስ በእግሩ ዞሮ ራሱን ቢያስተዋውቅ? አንድ የፓርላማ ወረዳ 70 ሺህ ያህል መራጮች አሉት። የቴምዝ ቫሊ የፖሊስ ክልል ሦስት አውራጃዎችን የሚያካትት ሲሆን የነዋሪው ቁጥር ከ2 ሚሊዮን በላይ ነው። ያለ ፓርቲ የቆመ ሰው ይህን ሁሉ ደጅ ማንኳኳት አይችልም። ለመወዳደር ደግሞ 5,000 ፓውንድ ማስያዝ ነበረበት፤ ለፓርላማ ዕጩ ማስያዣው 500 ነው። ከመቶ አምስት ድምፅ ያላገኘ ገንዘቡን ያጣል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወረቀቱ ራሱ አለ። በብሪታንያ መራጩ እንደለመደው ከአንድ ስም ጎን አንድ የመስቀል ምልክት ያደርጋል፤ በቃ። የኮሚሽነሩ ወረቀት ግን ሁለት ዓምድ ነበረው። በመጀመሪያው ዓምድ አንደኛ ምርጫህን፣ በሁለተኛው ሁለተኛህን ትመርጥ ነበር። ከግማሽ በላይ ድምፅ ያገኘ ዕጩ ከሌለ ሁለቱ መሪዎች ብቻ ይቀሩና የወደቁት ዕጩዎች ደጋፊዎች ሁለተኛ ምርጫ ይደመርላቸው ነበር። ሁለቱንም ምልክት በአንደኛው ዓምድ ያደረገ ሰው ወረቀቱ ዋጋ አልባ ይሆን ነበር። ሁለቱንም ለአንድ ሰው የሰጠ፣ የመጀመሪያው ይቆጠርለት፣ ሁለተኛው ሜዳ ላይ ይቀር ነበር። በአንዳንድ ክልል ሁለት ዕጩዎች ብቻ ስለነበሩ ወረቀቱ ወደ ተለመደው አንድ ምልክት ተመለሰ፤ በዴቨንና ኮርንዋል ደግሞ አሥር ስም ተደርድሮ ነበር።

በሃምበርሳይድ የሆነው ይህን አቆጣጠር በደንብ ያሳያል። የቀድሞው ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ፕሬስኮት ቀርበው ነበር፤ እንግሊዝ አገር የማያውቃቸው አልነበረም። በመጀመሪያው ዙር መሩ። ሁለተኛ ምርጫው ሲደመር ግን ብዙ ሰው ሰምቶት በማያውቀው የወግ አጥባቂ ዕጩ ተሸነፉ። መታወቅ በሁለት በኩል እንደሚቆርጥ ስለት ነው፤ የሚወድህ አንደኛ ያደርግሃል፣ የማይወድህ ሁለተኛም አያደርግህም።

ያን ቀን ከመራጩ ድምፅ የሰጠው ከመቶ 15 ያህሉ ነበር። በሰላም ጊዜ በተደረገ አገር አቀፍ ምርጫ ታይቶ የማያውቅ ዝቅተኛ ቁጥር ነው። በደቡብ ዌልስ በኒውፖርት ከተማ ቤትውስ በተባለ ሰፈር አንድ ምርጫ ጣቢያ ከጠዋት እስከ ማታ ተከፍቶ ውሎ አንድም ሰው ሳይገባበት ተዘጋ። የቀድሞው የለንደን ፖሊስ ኮሚሽነር ኢያን ብሌር አስቀድመው ሕዝቡ ባይመርጥ ይሻላል ብለው በአደባባይ ተናግረው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በዌስት ሚድላንድስ ኮሚሽነሩ በሞት ሲለዩ በኦገስት 2014 የተደረገው የማሟያ ምርጫ ደግሞ ከመቶ 10 ብዙም ፈቅ አላለም።

በመጀመሪያው ምርጫ ከ41ዱ አሸናፊዎች 12ቱ የግል ዕጩዎች መሆናቸው ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ ሰው ፖሊስን ከፓርቲ ማራቅ ፈለገ ተባለ። በ2016 ሦስት ብቻ ቀሩ። በ2021 አንድም የለም። በ2024 ሥልጣኑ ወደ ከንቲባ ባልዞረባቸው 37 ክልሎች ሲመረጥ ወግ አጥባቂዎች 19፣ ሌበር 17፣ የዌልሱ ፕላይድ ካምሪ 1 ወሰዱ። ሥራውንም ሰውንም የማያውቅ መራጭ የሚያውቀውን የፓርቲ ስም ይይዛል። ኸርሊም በ2016 ለወግ አጥባቂው ዕጩ ቦታውን ለቀዋል። ሁለቱ ዓምዶችም ቀሩ፤ በ2022 የወጣ ሕግ አንድ ምልክት፣ አንድ አሸናፊ አደረገው።

ዕጩዎቹ ራሳቸውም ሕጉን የማያውቁበት ጊዜ ነበር። ለዚህ ሹመት የሚወዳደር ሰው በእስራት በሚያስቀጣ ወንጀል ተፈርዶበት የሚያውቅ መሆን የለበትም፤ ቢታሰርም ባይታሰርም፣ ስንት ዓመት ቢያልፈውም። ለፓርላማ እንዲህ ያለ ገደብ የለም፤ ከኮሚሽነሩ ይልቅ ሕግ አውጪው ይቅር ይባላል ማለት ነው። በ2012 በአቮንና ሶመርሴት የሌበር ዕጩ በ13 ዓመታቸው ለሠሩት ጥፋት ከውድድሩ ወጡ። በ2021 በዊልትሺር የባሰው ሆነ፦ ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ከጨረሰ በኋላ፣ አንደኛ የወጡት የወግ አጥባቂ ዕጩ ከብዙ ዓመት በፊት ጠጥተው በማሽከርከር ተፈርዶባቸው እንደነበር ታወቀ። ሹመቱን ሳይረከቡ ቀሩ፤ ምርጫው በኦገስት እንደገና ተደረገ።

መረጥነው፣ እንግዲህ እናውርደው የሚለው ነገርስ? ሮዘራም ላይ ተፈተነ። በኦገስት 2014 የወጣ ምርመራ በዚያች ከተማ ለዓመታት በሕፃናት ላይ የተፈጸመውን ወሲባዊ ጥቃትና የባለሥልጣናቱን ቸልታ አጋለጠ። የሳውዝ ዮርክሺር ኮሚሽነር ሾን ራይት ቀደም ሲል በከተማዋ ምክር ቤት የሕፃናትን ጉዳይ የያዙ ኃላፊ ነበሩ። የራሳቸው ፓርቲ ሌበር፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ጭምር ይልቀቁ አሉ። ራይት አልለቅም አሉ፤ ሕጉም ሊያስወጣቸው የሚችል አንድ አካል አላስቀመጠም። ፓነል የሚባለው የአካባቢ ተቆጣጣሪ መጠየቅና መውቀስ እንጂ ማባረር አይችልም። በመጨረሻ በሴፕቴምበር አጋማሽ በራሳቸው ፈቃድ ለቀቁ። ፖሊስን ለሕዝብ ተጠያቂ ያደርጋል የተባለው ሹመት፣ ሹሙን ራሱን ከምርጫ ቀን በፊት የሚጠይቅበት በር አልነበረውም።

በብሪታንያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከዚህ ሁሉ ሲገናኙ የሚያገኙት ሌላ ዓይነት ግራ መጋባት ነው። ኬንያዊው፣ ናይጄሪያዊው ወይም ሩዋንዳዊው ጎረቤታቸው አገሩ የኮመንዌልዝ አባል ስለሆነች የብሪታንያ ዜግነት ሳይወስድ፣ በመኖሪያ ፈቃዱ ብቻ ይመርጣል። ኢትዮጵያ አባል ስላልሆነች ኢትዮጵያዊው ዜግነት እስኪቀይር ድረስ ግብሩን እየከፈለ ድምፅ የለውም። ዜግነት የወሰደውም ቢሆን ቦታው ይወስነዋል። በለንደን የሚኖረው ሰፊው ማኅበረሰብ የኮሚሽነር ምርጫ የሚባል አይደርሰውም፤ ከንቲባውን ሲመርጥ ፖሊሱንም አብሮ ሰጥቷል። ማንችስተር ያለው ከ2017፣ ሊድስ ያለው ከ2021፣ ሼፊልድ ያለው ከ2024 ጀምሮ እንደዚሁ። በርሚንግሃም ያለው ግን ከንቲባም ኮሚሽነርም ለየብቻ ይመርጣል፤ ሁለቱን ለማዋሃድ የተደረገውን ሙከራ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2024 ሕጋዊ አይደለም ብሎ አስቆመው።

በኖቬምበር 2025 የሌበር መንግሥት ሹመቱ እንደሚቀር አስታወቀ። የአሁኖቹ ኮሚሽነሮች ዘመናቸው በሜይ 2028 ሲያበቃ ተተኪ አይመረጥላቸውም። በእንግሊዝ ከንቲባ ባለበት ሥልጣኑ ወደ ከንቲባው ይሄዳል። በዚህ ክፍል እስማማለሁ። የለንደኑ ከንቲባ ሳዲቅ ካን በፌብሩዋሪ 2022 በፖሊስ ኮሚሽነሯ በክሬሲዳ ዲክ ላይ እምነት የለኝም ብለው ኮሚሽነሯ ሲለቁ፣ አሠራሩ ትክክል ነበር አልነበረም የሚለው ብዙ አከራክሯል፤ ማን እንዳደረገው ግን ማንም አልጠየቀም። ከንቲባ በሌለበት ክልል ደግሞ የካውንስል መሪዎች የሚቀመጡበት ቦርድ ይቋቋማል ተብሏል። ያ ቦርድ በ2012 ከፈረሰው ኮሚቴ በምን እንደሚለይ፣ ቤቱ የተሰበረበት ሰውስ ከነዚያ ሁሉ መሪዎች የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ፣ የሚወጣው ሕግ መመለስ ያለበት ጥያቄ ነው።